ለአርአያነት የተመረጠው ቃለ ጉባኤ

ትርፊት ፊደል የቆጠረችው በሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሆሳዕና ከተማ የገባ ጊዜ ባሏ ብሩ «አሁን አንቺ ተምረሽ ሚኒስትር ልትሆኚ ነው?» ብሎ ቀልዶባት ነበር። ሚኒስትርስ አልሆነችም። ግን ስሟን መጻፍ ከቻለች ወዲያ የሚያስቆማት ጠፋ። ዶሮዋ እንቁላል የታቀፈችበትን ቀን፣ በልግ የጣለበትን ቀን፣ የጎረቤት ልጅ ጥርስ ያበቀለበትን ቀን ሳይቀር በከሰል ግድግዳው ላይ ትሞነጫጭር ነበር። «ቤቱን ጋዜጣ አደረግሽው እኮ» ይላታል ብሩ፣ ከሱቁ ሆኖ ወደ ጓዳ እያየ።

ከጉራጌ አገር ለብሩ ተድራ ስትመጣ አማርኛዋ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ሱቁ ነው ያስተማራት። ጨውና ሳሙና ሊገዛ ከሚመጣው ሐዲይኛውን፣ ከአንጋጫ ከሚዘልቀው ከምባትኛውን፣ ከመምህራንና ከቢሮ ሠራተኞች አማርኛውን እየለቀመች፣ ደጃፏ ላይ ሁለት ሰው ሲካረር በየቋንቋው ገብታ ታበርድ ጀመር። በ1977 ዓ.ም. ቀበሌው ለፍርድ ሸንጎው ዳኛ ሲያስመርጥ «ከሴቶች ማህበር አንዲት ሴት ትግባ» ተባለና ትርፊት ገባች። ወንዶቹ እጃቸውን ያወጡላት ለቁጥር ማሟያ ነበር። እሷም ታውቃለች፤ አውቃ ዝም አለች።

በተከታዩ ዓመት ክረምት፣ ተማሪ ቤት ሲዘጋ፣ ከየቀበሌው የተውጣጡ የሸንጎ ዳኞች በአንድ አዳራሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ የእርቅና የዳኝነት ሥልጠና ተሰጣቸው። አሰልጣኙ ጓድ ሰይፈሥላሴ ይባላል፤ ሃያ ዓመት በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ያገለገለ፣ ሐሩር ቢሆን ብርድ ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ ከወዲሁ ይታወቅለት።

«የተጣላ ሰው ስታገኙ ማን ጀመረ ብላችሁ አትጠይቁ» አላቸው በመጀመሪያው ቀን። «ማን ጀመረ ያላችሁ ዕለት ጠቡን እናንተ እንደ አዲስ ጀመራችሁት። ከመቼ ወዲህ ነው ሰላምታ ያቋረጣችሁት በሉ። ቀኑን ካገኛችሁ ሥሩን አገኛችሁ። ፍርድ ቤት ቅርንጫፍ ይቆርጣል፤ እናንተ ግን ሥሩን ፈልጉ።»

ትርፊት ተቀምጣ የምትሰማው ነገር የራሷን የሱቅ ደጃፍ ሥራ ነበር። በደመ ነፍስ ስትሠራው የኖረችው ነገር ስም ያለው፣ የሚማሩት፣ እንደ ነርስነት እንደ መምህርነት ሙያ ሊሆን የሚችል ነገር መሆኑን ማን ያውቃል? የዚያን ዕለት ማታ ለብሩ ስታወራለት ፊቷ በርቶ ነበር። ብሩም ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደባትም።

የመጨረሻው ሳምንት የአጻጻፍ ትምህርት ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል ሰይፈሥላሴ፣ ጠመኔውን እያነሣ። ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ ቦታው፣ ቀኑ፣ ማን ምን እንዳለ፣ የጠቡ ሥር፣ የእርቁ ሁኔታ ሳይጓደል ይሰፍራል። ከዚያ ለባለጉዳዮቹ ይነበብላቸዋል፣ ይፈርማሉ። በካርቦን ሁለት ቅጂ ይወጣል፤ አንዱ ለቀበሌው፣ አንዱ ለአውራጃው። ትርፊት በዚህ ሁሉንም በለጠች። ዐሥራ ሁለተኛ የጨረሱ ወጣቶች ተቀምጠው፣ ትናንት በከሰል ስትጽፍ የነበረች ባለሱቅ አንደኛ ወጣች።

በሸንጎው አብረዋት የሚዳኙት አቶ ወልደየሱስ ግን በዚህ በመጻፉ ነገር ደስ አላላቸውም። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ነው፤ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። «ልጄ» አሏት አንድ ቀን፣ «ሰው ሲታረቅ ሆዱን ይከፍታል። የተከፈተ ሆድ አይጻፍም። ሆድ ይፍጀው ነው የሚባለው።» ትርፊት በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች። በልቧ ግን «መጻፍ ስለማይችሉ ነው» አለች።

በ1979 ጥቅምት ላይ የጣቢታና የብርነሽ ነገር ሸንጎው ደረሰ። ሁለቱ ሴቶች ዐሥራ አምስት ዓመት በአንድ አጥር የኖሩ ናቸው። ጣቢታ የሐዲያ ሴት ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ወንጌል አማኝ፣ አንገቷን ደፍታ የምትኖር። ብርነሽ ደግሞ የጎንደር ወታደር ልጅ ናት፤ ምላሷ ይፋጃል፣ ልቧ ግን ቂቤ ነው። ልጆቻቸውን፣ የጣቢታን ጥላዬንና የብርነሽን ቸኮልን፣ አንዷ ስትወጣ አንዷ እየጠበቀች አሳድገዋል። እንዲህ የኖረችው ብርነሽ ናት እንግዲህ አንድ ቀን የኩሽናዋን ፍሳሽ በአጥሩ ሥር ቀድዳ ወደ ጣቢታ የቆጮ ጉድጓድ የለቀቀችው።

እንሰት የማይተክል ሰው ይህን እንደ ተራ ጠብ ሊያየው ይችላል። የዓመት ምግብ ነው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ የሚብላላው። ጣቢታ ቅጠሉን ገልጣ የሳሙና ሽታ ሲመታት እዚያው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀመጠች አሉ። ጎተራ ከማቃጠል አይተናነስም።

ብርነሽ ትቀጣ የሚል ብዙ ነበር። ትርፊት ግን «ላስታርቃቸው» ብላ ለመነች። ሁለቱንም ለየብቻ አነጋገረች፤ ማን ጀመረም አላለችም። «ከመቼ ወዲህ ነው ሰላምታ ያቋረጣችሁት?» ስትል ሁለቱም የመለሱት አንድ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉትን ልጆች የጫነው መኪና የሄደ ዕለት። ቸኮል በመኪናው ላይ ነበር። እኩያው ጥላዬ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን በቀበሌው ቢሮ አራት ሆነው ተቀመጡ፤ ሁለቱ ሴቶች፣ አቶ ወልደየሱስና ትርፊት። ብርነሽ መጀመሪያ በነገር ወጋ ወጋ አደረገች፣ ኋላ ግን ተሰበረች።

«የእኔ ልጅ የት እንደወደቀ አላውቅም» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ደብዳቤ የለችም። የእሷ ልጅ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል እየተባለ ይኖራል። እሱ በእናቱ እጅ ሲጎርስ እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ። እንጂ ቆጮዋ ምን አደረገኝ?»

 ጣቢታ ቀና ብላ ብርነሽን አየቻት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«በእጄ አይጎርስም፣ የቸኮል እናት። እኔም አላየሁትም። ሀደሮ ነው ያለው፣ በእህቴ ባል ወፍጮ ቤት። ቀን አይወጣም። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አየሁት። ይኸው ነገርኩሽ። ብትፈልጊ ሂጂ ንገሪ፣ ብትፈልጊ ማሪኝ።»

ያላትን አንድ ልጅ አውጥታ ባላንጣዋ እጅ ላይ አስቀመጠችው ማለት ነው። ብርነሽ ከወንበሯ ተነሥታ አንገቷ ላይ ወደቀችባት። «ይህን ካወጣሁ ቸኮልን ዓይኑን አያሳየኝ» አለች እያነባች። አቶ ወልደየሱስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትርፊትም አለቀሰች። እያለቀሰች ጻፈች።

ሁሉንም ጻፈችው። ሀደሮን ጻፈች፣ ወፍጮ ቤቱን ጻፈች፣ የእህት ባል መሆኑን ጻፈች። ጣቢታ ያላለችውንም አንድ ነገር ጨመረች፤ «ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ» አለች፣ የቢሮ ጽሑፍ እንዲያ ስለሚል። ክፋት በሐሳቧ አልዞረም። በሕይወቷ እንዲህ ያለ እርቅ አይታ አታውቅም፤ እንዳይረሳ ፈለገች፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሰይፈሥላሴ ካስተማራት ሁሉ የዘለለችው አንዱን ነገር ብቻ ነበር፤ ጽሑፉን አላነበበችላቸውም። ተቃቅፈው ሲላቀሱ በወረቀት ላቀዝቅዛቸው እንዴ ብላ «እርቃችሁን ጽፌዋለሁ፣ ፈርሙ» ብቻ አለች። ሁለቱም ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ብርነሽ የጣቢታን ጣት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

ሰላም ወረደ። ብርነሽ ፍሳሹን ደፈነች፤ በገና በዓል እንጀራ በሌማት ላከች። ጣቢታ ቡላ ላከች። ሠፈሩም ትርፊትን «እናታችን» ይላት ጀመር።

በየካቲት መጨረሻ ከአውራጃ ደብዳቤ መጣላት። ቃለ ጉባኤዋ በአጻጻፍ ጥራቱ ለአርአያነት ስለተመረጠ፣ ለሁለተኛው ዙር ሠልጣኞች ሲቀርብ እንድትገኝና ከዚያ ወዲያ በረዳት አሰልጣኝነት እንድትመደብ ይላል። ብሩ ደብዳቤውን ሱቁ ውስጥ ሰቀለው። ጨው ሊገዛ የመጣው ሁሉ ሳያነብ አይወጣም፤ ማንበብ ለማይችለው ብሩ ራሱ ያነብለታል። የእሷ ነገር ከግድግዳ ከሰል ተነሥቶ እዚህ ደረሰ ብላ ትርፊትም ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረች።

ማክሰኞ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። ከሆመቾ፣ ከአንጋጫ፣ ከሀደሮ፣ ከየአካባቢው የመጡ ስልሳ ያህል ሰዎች ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። ትርፊትን ፊት ለፊት ወንበር ሰጧት። ሰይፈሥላሴ ኮቱን አስተካክሎ ማንበብ ጀመረ። የራሷን ጽሑፍ በሰው አንደበት ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ቦታው፣ ቀኑ፣ የተገኙት ሰዎች፣ ሁሉም በወጉ፣ ሁሉም በመልኩ። ፈገግታዋን ለመደበቅ አፏን በነጠላዋ ሸፈን አደረገች።

«የጠቡ ሥር» አለና ሰይፈሥላሴ ጣቱን አነሣ፤ ልብ በሉ ማለቱ ነው። «ወይዘሮ ጣቢታ፣ ልጃቸው ጥላዬ ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ በሀደሮ ከተማ በእህታቸው ባል ወፍጮ ቤት ተደብቆ የሚገኝ መሆኑን ሲገልጹ...»

ትርፊት ክው አለች። ፈገግታው ነጠላው ውስጥ እንዳለ ደረቀ።  ያነበበው ሰው ሌላ፣ የጻፈችው ሴት ሌላ፣ እዚህ የተቀመጠችው ደግሞ ሌላ ሆነው ታዩዋት። አራት ወር ሙሉ ይህ ዐረፍተ ነገር በአንድ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እሷ ናት ያስቀመጠችው።

«እንግዲህ የጠቡ ሥር ምንድን ነው?» አለ ሰይፈሥላሴ ሠልጣኞቹን።

አንድ የሆመቾ ሰው «ፍሳሹ ነው» አለ።

«እሱ ቅርንጫፉ ነው። ሥሩን ንገሩኝ።»

ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ጎልማሳ ተነሣ። ከሀደሮ መምጣቱን ጠዋት ስሙን ሲያስመዘግብ ተናግሯል። «ልጁ በወፍጮ ቤት መደበቁ ነው፣ ጓድ።»

«ትክክል» አለ ሰይፈሥላሴ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሰውዬው ተቀመጠና ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ትርፊት እንደምንም ተነሣች። «ጓድ ሰይፈሥላሴ፣ ይበቃል። እባክዎ ይበቃል።»

«ጓድ ትርፊት ትሑት ናት» አለ እየሳቀ። አንድ ጊዜ ደግመው አጨበጨቡላት። እሱም እስከ ቀኑና እስከ ፊርማው ድረስ አንብቦ ጨረሰ።

በዕረፍት ሰዓት ኮቱን ይዛ ከአዳራሹ ጀርባ ወሰደችው። «ምን እንዳነበቡ ያውቃሉ?» አለችው። አልገባውም። ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ ጣቷን መስመሩ ላይ አስቀመጠችለት። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ...» አለ። «አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እኔ የማየው አጻጻፉን ነበር።» ሃያ ዓመት መዝገብ ያገላበጠ ሰው፣ ሰው ያለበትን ወረቀት አራት ጊዜ አንብቦ ሰውዬውን አላየውም። ቆይቶ «ምናልባት ማንም ልብ አላለውም» አላት።

ስልሳ ሰው አጨብጭቦበት ማንም ልብ አላለውም! ትርፊት ይህ ባዶ ወሬ መሆኑን ታውቃለች። ግን «ምናልባት» የምትለዋን ቃል እንደ ገመድ ጨበጠቻት። ምደባው ከሰዓት በኋላ ነበር የሚነገረው። ያን ሰዓት ወጥታ ብትሮጥ፣ ለጣቢታ ብትነግራት፣ የሀደሮ መኪና ሳይነሣ ሰው ይላክ ነበር። አልወጣችም። ተቀመጠች። ስሟ ሲጠራ ተነሥታ ተጨባበጠች። ይህን ኃጢአቷን እሷም ኋላ ለማንም አላሳነሰችውም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ ጣቢታ ቤት ሄደች። በአጥሩ ክፍተት አየቻቸው። ጣቢታና ብርነሽ አዲሱ ጉድጓድ አጠገብ ተንበርክከው ቅጠል ያነጥፋሉ። ብርነሽ አሳስታ ስታነጥፍ ጣቢታ እጇን መታ ታደርጋታለች፤ ሁለቱም ይሥቃሉ። ትርፊት «ነገ» አለችና ተመለሰች። ረቡዕም እንዲሁ ነገ ተባለ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሦስት ሚሊሻዎች ወፍጮ ቤቱ ገብተው ጥላዬን ዱቄት እንደለበሰ አወጡት። የዚያኑ ዕለት በመኪና ተጫነ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል ያገራችን ሰው፤ ይህን የተረተው ሰው ልጅ አልነበረውም መሰለኝ።

ወሬው ሆሳዕና ዓርብ ደረሰ። ሠፈሩ ሁሉ በብርነሽ ተነሣባት። ጣቢታ ምስጢሩን የነገረችው ለእሷና ለሁለቱ ዳኞች ብቻ ነው፤ ዳኞቹ ደግሞ እናታችንና አባታችን ናቸው፤ ታዲያ ማን ቀረ? ለቀስተኛው በደጇ ሲያልፍ ይተፋል። አንዱ ጣሪያዋ ላይ ድንጋይ ጣለባት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ ሴቶች ትርፊት ቤት መጡ። አቶ ወልደየሱስ ታመው ተኝተው ነበር። ብሩ ሱቁን ይዟል፤ እነሱ ከኋላ ጓዳው ውስጥ ተቀመጡ፣ አንዷ ወደ በሩ፣ አንዷ ወደ ግድግዳው ዞራ። ጣቢታ ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ ትርፊት፣ አንቺ ዳኛዬ ነሽ» አለች። «ስትምል አንቺ ሰምተሻል። ልጄን ሸጠችው። ፍረጂኝ።»

ብርነሽ ያ ሁሉ ምላሷ ጠፍቷል። «በቸኮል ነው የማልኩት» አለች ቀስ ብላ። «ጦር ሜዳ ባለ ልጅ ተምሎ አይዋሽም። እኔ ከሆንኩ አስከሬኑን እንኳ አላግኝ። ሌላ ምን ልበል? ሰው እንዴት እመኑኝ ይላል?»

ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት የየአገራቸው ሰዎች ናቸው፣ ሄደዋል። ሰይፈሥላሴ አይናገርም። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ትርፊት ብርነሽን አየቻት፤ ይህች ሴት ከዚህ ክፍል ተፈርዶባት ብትወጣ እስክትሞት ልጅ የሸጠች ተብላ ትኖራለች።

«ብርነሽ አይደለችም» አለች። «እኔ ነኝ።»

ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

«እርቃችሁን ስጽፍ ሁሉንም ጻፍኩት። ሀደሮን፣ ወፍጮ ቤቱን። ወረቀቱ አውራጃ ሄደ። ማክሰኞ ለስልሳ ሰው ተነበበ። የሀደሮ ሰው ነበረበት። እኔም ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ።»

ጣቢታ የምትሰማው ነገር አልገባ አላት። «የኔን ነገር?» አለች። «ለሷ የነገርኳትን?»

«አዎ።»

ጣቢታ ቀኝ እጇን አነሣችና አውራ ጣቷን አየችው። «የፈረምኩት እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«እርቅ ነው ብለሽኝ ነበር እኮ» አለች ጣቢታ። ድምፅዋ አልጮኸም፣ አልተቆጣም። የምታውቀው ሰው መንገድ ላይ ሳያውቃት ያለፈ ያህል ግራ ገብቷት ብቻ ታያታለች። ጣቢታ ብትሰድባት፣ ፊቷን ብትቧጭራት ትርፊት በወደደች።

ብርነሽ ነበረች ቀኑን የቆጠረችው። «ማክሰኞ አልሽ?» አለች። «ልጁን የወሰዱት ሐሙስ ነው።»

ትርፊት አንገቷን ደፋች።

«ማክሰኞ አውቀሽ እስከ ሐሙስ ምን ትሠሪ ነበር?»

ሥልጠናው ላይ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ አልተሰጠም።  ጣቢታ ግድግዳውን ተደግፋ ልትነሣ ሞከረች። ያን ጊዜ ብርነሽ ወንበሯን ገፍታ ተነሣች፣ ወገቧን ደግፋ ያዘቻት። «ተነሺ፣ የጥላዬ እናት። ቤታችን እንሂድ» አለቻት። ጣቢታ ክንዷን በብርነሽ ትከሻ ላይ ጣለች፣ ተቃቅፈው በሱቁ በኩል ወጡ። ወደ ኋላ ያየ አልነበረም።

ብሩ መንገዱን እስኪሻገሩ በዓይኑ ሸኛቸውና ደስ ብሎት ወደ ጓዳው ብቅ አለ። ሲገቡ ዓይን ለዓይን የማይተያዩ ሴቶች ነበሩ።

«ታረቁ?» አላት።

«ታረቁ» አለች ትርፊት።